«ረሳሁት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በጥናቴ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቃል ተደጋገመብኝ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች «መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?» እላለሁ። አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ። «ረሳሁት» ይላሉ። እኔም መጠይቁ ላይ «መርሳት» ከሚለው ጎን ምልክት አደርግና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አልፋለሁ።

ከሽሮ ሜዳ የመጡት ሸማኔ ጋሼም እንዲሁ አሉኝ። መስከረም ላይ ሥራቸው ላይ እንዳሉ ጥሏቸው፣ ክንዳቸው ተጎድቶ ነበር። «ረሳሁት፣ ልጄ» አሉኝ። ምልክት አደረግሁ። አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ያ ምልክት ስህተት እንደነበረ ለማወቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው ከአንድ በላይ ሙያ የሚነካ የመመረቂያ ጽሑፍ ለጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ላሰባችሁ ነው። በተለይ ከቢዝነስ ወደ ጤና፣ ከጤና ወደ ቢዝነስ ለምትሻገሩ። እኔ ወራት የፈጀብኝን እናንተ በሳምንት እንድትጨርሱት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ፋርማሲ ነው። ሥራዬ መድኃኒት ማከፋፈል ነው። ማታ ማታ ደግሞ ቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ተማርኩ። መጋዘን ውስጥ ስሠራ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ውድ መድኃኒት ከመደርደሪያ ላይ ብዙም አይጠፋም። ርካሹ ነው የሚጠፋው። ፌኖባርቢታልን ውሰዱ። ለሚጥል በሽታ መታዘዝ የጀመረው በ1912 ነው። (ካልተናገርኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ማሳሰቢያ ለምን እንደሚያስፈልግ በኋላ ታያላችሁ።) ዋጋው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ አስመጪው የሚያገኘው ትርፍም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ስምምነት ውስጥ የተካተተ፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ትርፉ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ። ነጋዴ ቢሸሸው አይገርምም። ግን መደርደሪያው ባዶ ሲሆን የሚወድቀው ነጋዴው አይደለም።

ልጅ ሆኜ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ የሚጥለው ልጅ ነበር። ሲወድቅ ሰው ሁሉ ይሸሻል። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ሮጣ ትመጣና ክብሪት ጭራ ጭሱን ታሸትተዋለች። ያ የክብሪት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ ጭሱ አይጠቅምም። ሰውየውን በጎኑ አስተኙት። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ይህን ማወቅ ከማንም ጥናት ይቀድማል።

ስለዚህ ርዕስ ስመርጥ ብዙ አላወላወልኩም። ሰዎች የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምን ያቋርጣሉ?

መስኩ ባዶ አልነበረም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ሕዝቡ ውስጥ ገብተው ባደረጉት ጥናት፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው አግኝተዋል። ጥናቱ የታተመው በ1990 ነው። ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከነዚያ ሰዎች መካከል የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ ይላል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አስቡት።

እንደ ቢዝነስ ተማሪ መልሱን ይዤ ነው የገባሁት። ደንበኛ ይረሳል፤ አስታውሰው። ባንክ የብድር መክፈያ ቀን ሲደርስ መልእክት ይልክ የለ? እኛም ለሕመምተኛው በየቀኑ ኤስኤምኤስ እንላክ። የጥናት ዕቅዴን በዚህ ላይ ጻፍኩት። ቆንጆ ሠንጠረዥም ነበረው።

ሁለተኛ አማካሪ የሆኑኝ የነርቭ ሐኪም ወረቀቱን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማነው የረሳው?» አሉኝ።

«ሕመምተኛው፣ ዶክተር።»

«ሕመምተኛው ነው ወይስ ሕመሙ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ሄንሪ ሞላይሰን ስለሚባል አሜሪካዊ ነገሩኝ። ሰውየው ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ1953 ዊልያም ስኮቪል የተባሉ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ከአንጎሉ በሁለቱም ጎን ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል ብዙውን አወጡለት። መውደቁ በጣም ቀነሰለት። ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ ተመራማሪ ለዓመታት እየተመላለሱ አጠኑት። እሱ ግን በመጡ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ነበር የሚቀበላቸው። ስለ ሰው ልጅ ማስታወስ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር የመጣው ከዚህ አንድ ሰው ነው።

ነጥባቸው ገባኝ። ብዙ ሰው ላይ የሚጥል በሽታ የሚነሳው ከዚያው ከሂፖካምፐስ አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ራሱም አንዳንዱን ሰው ያፈዘዋል። እኔ «ግድየለሽ ደንበኛ» ብዬ የመዘገብኩት ሰው፣ ያለ ጥፋቱ ማስታወስ የሚቸግረው ሊሆን ይችላል። ለሱ ኤስኤምኤስ ምን ያደርግለታል? ያየዋል። «እሺ» ይላል። ስልኩን ያስቀምጣል። ከዚያ ይጠፋበታል።

ሦስቱንም አማካሪዎቼን አንድ ክፍል ያስቀመጥኩበት ቀን አይረሳኝም። አንዱ የቢዝነስ መምህሬ፣ ሁለተኛው የነርቭ ሐኪሙ፣ ሦስተኛዋ የውስጥ ደዌ ሐኪም። ሦስቱም ደግ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተነጋገሩ። አልተግባቡም። የቢዝነስ መምህሬ «ረሳሁት» ማለት ለመድኃኒቱ የሰጠው ዋጋ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው አሉ። ሐኪሟ የአወሳሰድ ጉድለት ነው፣ ትምህርት ያስፈልገዋል አሉ። የነርቭ ሐኪሙ መጀመሪያ ማስታወሱ ይፈተሽ አሉ። «ኮምፕሊያንስ» የሚለውን ቃል ሦስቱም ይጠቀሙበት ነበር። ለመምህሬ ሕግና ደንብ ማክበር ነው። ለሐኪሟ መድኃኒት በታዘዘው መሠረት መውሰድ ነው። «ሲግኒፊካንት» ሲባል አንዱ ስለ ስታቲስቲክስ ያወራል፤ ሌላዋ ሕመምተኛው ላይ ስለሚታይ ለውጥ ታወራለች። ቃሉ አንድ፣ ሐሳቡ ሦስት።

ያን ዕለት ማታ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጥናቴ ውስጥ የሚገቡ 20 የሚሆኑ ቃላት፣ ከእያንዳንዱ ፊት በዚህ ጥናት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር። «ማቋረጥ» ማለት ስንት ቀን ሳይወስዱ መቆየት ነው? «መርሳት» ማለት ምንድን ነው? ለሦስቱም ላክሁ። እየሰረዙ፣ እየጨመሩ መለሱልኝ። ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ሦስቱም ተስማሙ። በሙሉ ጥናቴ ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ያ ገጽ ነው። እናንተም መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጻፉት። በኋላ ከሆነ እያንዳንዱ አማካሪ የየራሱን ጥናት ነው የሚያነበው።

ሌላ ፈተናም ነበረብኝ። ጥናቴ ውስጥ የአንጎል ሥዕል እንዲኖር በጣም እፈልግ ነበር። ሥዕሉ ጥናቱን ከባድ ያስመስለዋል። ቢዝነስ ትምህርት ውስጥ ኒውሮማርኬቲንግ የሚባል፣ የገዢን አንጎል እየለካ ምርጫውን የሚያጠና ዘርፍ አለ። በ2008 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ላይ ሰዎች አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ በሁለት ዋጋ ቀመሱ። ዋጋው 90 ዶላር ነው ሲባሉ፣ 10 ዶላር ነው ከተባሉበት ጊዜ ይልቅ ጣፈጣቸው። አንጎላቸው ውስጥ ደስታን የሚመዘግበው ክፍልም ይበልጥ ሠራ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነሳ። የተጠኑት ሰዎች 20 ብቻ መሆናቸውን ግን አላስተዋልኩም ነበር።

የነርቭ ሐኪሙ ስለ አንድ ሳልሞን ዓሣ ነገሩኝ። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ዓሣ የአንጎል ሥዕል ማንሻ ማሽን ውስጥ ከተቱ። የሰው ፎቶ አሳዩት። የስሌቱን እርማት ሳያደርጉ ውጤቱን ሲያዩት የዓሣው አንጎል «ሲሠራ» ታየ። ማሽኑ አንጎልን በሺዎች ቦታ ከፋፍሎ ስለሚለካ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ ቦታ መብራቱ አይቀርም። በ2020 ደግሞ አንድ ዓይነት የአንጎል መረጃ ለ70 የተመራማሪ ቡድኖች ተሰጠ። ሁለት ቡድኖች እንኳ በአንድ መንገድ አልሠሩትም። በበርካታ ጥያቄዎች ላይም የተለያየ መልስ ይዘው መጡ። ከዚህ የተማርኩትን እስካሁን እሠራበታለሁ። ትንተናዬን እንዴት እንደምሠራ መረጃውን ከማየቴ በፊት እጽፋለሁ፣ ቀን አደርግበታለሁ፣ ለአማካሪዬ እልካለሁ። ካየሁ በኋላ የጨመርኩት ካለ «በኋላ የጨመርኩት» ብዬ እጽፋለሁ።

ማሽኑ ቢቀር ኢኢጂ (ራስ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ልጠቀም ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ከሩቅ ገጠር የመጣች ወጣት ገባች። ፀጉሯ ጥብቅ ብሎ ሹሩባ ተሠርቷል። ለመንገዱ ብላ ቅቤም ተቀብታለች። ባለሙያዋ ሽቦዎቹን ልትለጥፍ ሞከረች። አልያዘም። ኢኢጂ ከራስ ቆዳ ጋር በደንብ መነካካት አለበት። ቅቤው ያንሸራትታል። ሹሩባው ደግሞ ሽቦው የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ሸፍኗል። ልጅቷ ቀስ ብላ ፀጉሯን መፍታት ጀመረች። እናቷ ከጎኗ ቆመው በዝምታ ያግዟታል። ስንት ሰዓት እንደፈጀባት የተሠራችውን ሹሩባ ለ30 ደቂቃ ምርመራ ፈታችው። አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ተመራማሪ ለጥቁር ሰው ፀጉርና ለሹሩባ የሚሆን የኢኢጂ መያዣ ሠርታለች። ያን ቀን ያ መያዣ እዚህ በኖረ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። «ኢኢጂ ያልተሳካላቸውን ሰዎች ከጥናቱ አስወጥቻለሁ» ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። ግን ያወጣኋቸው የገጠር ሴቶችን ነው። መድኃኒት ለማግኘት ከሁሉ የሚቸገሩትን።

ዶክተሩም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሥዕሉ የትኛውን ጥያቄሽን ይመልስልሻል?» የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባልጣለው ጊዜ ሲመረመር ኢኢጂው ደህና ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ለምን እንዳቆመ ደግሞ ጨርሶ አይነግረኝም። ተውኩት። በቦታው ቀላል የማስታወስ ፈተና አስገባሁ። ቃላት ታነቢያለሽ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትጠይቂያለሽ። ከውጭ የመጣው የቃላት ዝርዝር ሰዉ የማያውቃቸው ነገሮች ነበሩበት። ሰው የማያውቀውን ቃል ባያስታውስ ጥፋቱ የሂፖካምፐስ አይደለም። በገበያና በማጀት ቃላት ተካናቸው፦ ሰፌድ፣ ዝናብ፣ በግ፣ ቁልፍ።

ስለ ፈቃድ በአጭሩ ልበል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይወጣ አንድም ሰው አታነጋግሩ፣ አንድም ካርድ አትክፈቱ። ቢዝነስ ክፍል ያለን ሰዎች ይህን እንደ ቢሮ ወረቀት እናየዋለን። አይደለም። የሚጥል በሽታ ስም የሚያጠፋ ተደርጎ የሚታይበት ሰፈር ብዙ ነው። አንዲት ልጅ መታመሟ ከታወቀ ትዳሯ ሊቀር ይችላል። እኔ ስም አልጻፍኩም፣ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ደብተር ሐኪም ቤቱ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ከውጭ የተዘጋጀ መጠይቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ክፍያ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ጽሑፍ ለማግኘት ሂናሪ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት ቤተ መጻሕፍታችሁን ጠይቁ። ብዙ የሕክምና መጽሔቶችን በዚያ ማንበብ ይቻላል።

ወደ ቃላት ልመለስ፣ ብዙ የተሳሳትኩት እዚያ ነው።

የመጀመሪያው መጠይቄ «መድኃኒትዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?» ይላል። አንዲት እናት «አዎ፣ አንድም ቀን አላቋርጥም» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ካርዳቸውን ሳየው ለአራት ወር ከፋርማሲ ምንም አልወሰዱም። ዋሹ? አልዋሹም። መድኃኒት ያሉት የሐበሻ መድኃኒቱን ነው። በቋንቋችን ሥሩም ቅጠሉም መድኃኒት ነው። ጥያቄውን «ከዚህ ሐኪም ቤት የሚሰጥዎትን ኪኒን» ብዬ ቀየርኩት። ጠበልንም ለብቻው ጠየቅሁ፣ በአክብሮት። «ጠበል ሲገቡ ኪኒኑን ምን ያደርጉታል?» ስል ሰው ዘና ብሎ ይነግረኛል። «ጠበል ስለሚገቡ ኪኒኑን ያቆማሉ?» ስል ግን እንደ ክስ ይሰማዋል፣ ይዘጋል።

እንግዲህ መጠይቅ ስትተረጉሙ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው ማድረግ የተለመደ ነው። አድርጉት። ግን አይበቃም። ከአሥር ያላነሱ ሕሙማን ጋር ቁጭ በሉና «ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን መጣልዎት?» በሉ። እኔ ያንን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የሰበሰብኩትን ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ወር ሄደ።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ።

አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ዐይኑ ቀልቷል፣ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። «ኪኒኑን በደንብ ይወስዳል?» አልኳቸው። «እንዴታ! እኔ ራሴ ነኝ የምሰጠው። ሰዓቷን ዝንፍ አላደርግም» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የኪኒኑን ከረጢት አወጡ። ከኮምፒውተር የወጣ ስቲከር ተለጥፎበታል። «8:00 - 8:00» ይላል።

«ሌሊት 8 ሰዓት ምን ያህል እንደሚከብድ አትጠይቂኝ» አሉኝ። «ሰዓት ደውሎ አይነቃም። እየጎተትኩ ነው የማስነሳው።»

ጸጥ አልኩ። ስቲከሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ማለት ነው። እሳቸው ግን ቀን በ8፣ ሌሊት በ8 እየሰጡት ነው። በ12 ሰዓት ልዩነት መሆኑ አልቀረም። ነገር ግን ልጁ በየሌሊቱ ከእንቅልፉ ይነሳል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የሚጥል በሽታን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች ዋነኛው ነው። እናትየው ያለ አንድ ቀን መጓደል፣ እንቅልፋቸውን ሠውተው፣ ልጃቸውን ለማዳን የሚያደርጉት ነገር ነበር የሚጎዳው። በየትኛውም መጠይቅ ላይ ሙሉ ነጥብ ነው የሚያገኙት።

ሐኪሟ ጋር ወዲያው ገባን። ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ሣሉላቸው፤ ከጎኑ «ከቁርስ ጋር»፣ «ከራት ጋር» ብለው ጻፉ። እናትየው ከረጢቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ራሱን ዳበሱት። ምንም አላሉም።

ከዚያ ቀን በኋላ መጠይቄ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። «ከረጢቱን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

የመጨረሻው ስህተቴ ቀን ነው። የሐኪም ቤት ካርድ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የአከፋፋዮች መዝገብ በፈረንጅ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ሁሉንም ኤክሴል ላይ አስገባሁ። ኤክሴል ጳጉሜንን አያውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 2015ን «5/13/2015» ብዬ ስጽፍ ሜይ 13 አድርጎ ያዘልኝ። ሌሎቹን ደግሞ መረጃውን ያጸዳልኝ ልጅ «13ኛ ወር የለም፣ የጽሕፈት ስህተት ነው» ብሎ አወጣቸው። በቅንነት ነው ያደረገው። ሶፍትዌሩ ቀይ ምልክት ሰጥቶታል።

ስለዚህ ይህን ስሙኝ። ቀንን በሦስት ዓምድ ለያይታችሁ ጻፉ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። የመጀመሪያውን አትንኩት። ወደ ፈረንጅ የቀየራችሁትን ሌላ ዓምድ ላይ አድርጉ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት ግን 12 ይሆናል። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። በእጅ ከመቀየር ይልቅ አንድ ጊዜ የተፈተሸ ቀመር ተጠቀሙ።

የወጡትን መስመሮች መልሼ ሳስገባ ነው ዐይኔ የተከፈተው።

ሕሙማኑ ቀጠሯቸው በየወሩ በአንድ ቀን ነው። ወር በገባ በ12፣ በ20፣ እንደየካርዳቸው። ኪኒን የሚሰጣቸው የ30 ቀን ነው። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ልክክ ይላል። ከጥቅምት 12 እስከ ኅዳር 12፣ 30 ቀን። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 12፣ 30 ቀን። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ግን ስንት ነው? 35።

አምስት ቀን ያለ ኪኒን። በየዓመቱ። በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስት።

ለነርቭ ሐኪሙ ስነግራቸው ቶሎ አልመለሱልኝም። ፌኖባርቢታል አንጎል ውስጥ የሚያረጋጋውን ጋባ የሚባል ኬሚካል ሥራ የሚያግዝ መድኃኒት ነው። በድንገት ሲቋረጥ አንጎል ይቆጣል፤ ያልተቋረጠ መንቀጥቀጥ ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ከሰውነት የሚወጣው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በቀናት ነው። ስለዚህ ኪኒኑ በጳጉሜን ምክንያት ቀድሞ አልቆ ሰውየው የሚወድቀው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ማንም ሁለቱን አያገናኛቸውም። «መስከረም ላይ ያመኛል» ይላል ሰዉ።

ጳጉሜን ብቻ ነው ጥፋተኛዋ ብዬ አልጻፍኩም። መስከረም ላይ የበዓል ወጪ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። የበዓል ሌሊት እንቅልፍ ይጎድላል፣ አረቄም ይጠጣል። እነሱም ይቀሰቅሳሉ። የኔ ናሙና እነዚህን ለመለየት ትንሽ ነው፤ ይህንንም ጽሑፌ ላይ በግልጽ አስቀምጫለሁ። የአምስቱ ቀን ጉድለት ግን ግምት አይደለም። ካርድና የቀን መቁጠሪያ ይዞ ማንም ሊቆጥረው ይችላል።

የቢዝነስ መምህሬ ሲሰሙ እስክሪብቶ አነሱ። «መጋዘንስ?» አሉኝ። መጋዘን ውስጥም እኛ የወር ፍጆታን በ12 ነበር የምናባዛው። 30 በ12፣ 360 ቀን። ዓመት ግን 365 ነው። ለዓመታት እኔው በእጄ የሠራሁት ስሌት ነው። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሸማኔውን ጋሼን ፈልጌ አገኘኋቸው። ለቀጠሮ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ካርዳቸውን አይቼዋለሁ። ነሐሴ 12፣ 30 ኪኒን። ቀጣይ ቀጠሮ መስከረም 12። የወደቁት መስከረም 10 ነው።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን ላይ ኪኒን ነበረዎት?»

ትንሽ አሰቡ። «ከመስከረም መባቻ በፊት አካባቢ... አዎ፣ ቀደም ብሎ ሳስቶ ነበር። እያሳነስኩ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የደረስኩት። ኋላ ላይ አለቀ።»

«ለምን አልመጡም?»

«ቀጠሮዬ አልደረሰማ። ያለ ቀጠሮ ብመጣ ይቆጡኛል ብዬ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ረሳሁት አሉኝ?»

እጃቸውን አገላበጡ። በድርና ማግ የጠነከረ እጅ ነው። «ምን ልበል ልጄ? አለቀብኝ ብል ጠፋበት ትይኛለሽ፣ ሸጠው ትይኛለሽ። ረሳሁት ማለት ይሻላል።»

መጠይቁን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «መርሳት» ከሚለው ጎን ያለውን ምልክት ሰረዝኩት። ከታች፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ያሉኝን እንዳለ ጻፍኩት። አነበብኩላቸው። «እንደሱ ነው» አሉኝ።

ውጤቱን ለሐኪም ቤቱ ሳቀርብ 40 ገጽ አላቀረብኩም። አንድ የቀን መቁጠሪያ ነው ይዤ የሄድኩት፤ ከነሐሴ እስከ መስከረም ያሉት ቀኖች የተከበቡበት። የፋርማሲው ኃላፊ ቆጠረችው። ሁለተኛ ቆጠረችው። አሁን በየነሐሴው በቀን አንድ ለሚወስድ ሰው 35 ኪኒን ትሰጣለች። ግድግዳዋ ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት አለ፦ በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለሆነች ነሐሴ ላይ 36።